በእስክንድርያ ስቀና

አስካልዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ሁለት ወር አለፈ። ደህና ነኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ እንዲያው አለሁ። የተከልሻት ፓፓያ አፍርታለች። የሳሎኑን መጋረጃ ፀሐይ ቢጨርሰው ቀየርኩት። ተማሪዎቼ ካርታ ላይ ሲሳሳቱ ዛሬም እጮኻለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ልወቅስሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በየማለዳው ወደ ምሥራቅ ቆመሽ ትጸልዪ ነበር። ስትጨርሺ ወደ አጣዬ መንገድ ዞር ትዪና ለእስክንድርያና ለሕዝቧ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግሚያለሽ። አቅጣጫውን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ፤ በተጋባን ሰሞን ጠይቀሽኝ ካርታ ዘርግቼ፣ ከእኛ ከሸዋ ሮቢት ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ብዬ። በዚያው አፌ ሳቅሁብሽ። ጳጳስ ከዚያ መምጣቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ምን ቀረሽ እዚያ አልኩሽ። ካርታውን አጥፈሽ መለስሽልኝ። ዝምታሽን እኔ በቅናት ሞላሁት። ሰው ቢኖራት ነው እስከ ማለት ደረስኩ። ባሕሯን እንኳ ያላየሻት ከተማ ስሟ ሲጠራ የእኔ ሻይ ይቀዘቅዝ ነበር።

አጣዬ በተቃጠለ ጊዜማ አበድኩ። ተፈናቃዮቹን ስታበዪ፣ ስታስተኚ አምሽተሽ፣ በማግስቱ ማለዳ እንደገና እስክንድርያ! ጮኽኩብሽ። አንቺ በጸሎትሽ አጣዬን አስቀደምሽ እንጂ እስክንድርያን አልተውሻትም።

ባለፈው ሐሙስ በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ዘይነባ ማንጎ ይዘው መጡ። «ኧረ መምህር፣ ያቺ የአስካለ ከተማ እንዴት አደረች?» አሉኝ። ግራ መጋባቴን አይተው፣ «ወላሂ፣ ላንተ ሳትነግርህ ነው የሞተችው?» አሉ።

የነገሩኝ ይህ ነው። ሙሽራ ሆነሽ ከጣርማ በር ብርድ ወደዚህ ሙቀት ስትወርጂ ሰው አልነበረሽም። በዚያ ሰሞን ቄሱ ስለ ጥንቶቹ ጳጳሳት ሲያስተምሩ ሰማሽ፤ ከእስክንድርያ ተልከው፣ ቋንቋችንን ሳያውቁ መጥተው፣ አገራቸው ሳይመለሱ እዚሁ ይቀበሩ እንደነበር። ለሌላው ታሪክ ነው። አንቺ ያሰብሽው ልጃቸውን ሸኝተው መልሰው ያላዩትን የዚያች ከተማ እናቶች ነው። «እንደኔ እናት» ብለሽ ለእትዬ ዘይነባ ነግረሻቸዋል። ካርታ ያስዘረጋሽኝ ይህን ልትነግሪኝ ነበር። ስስቅብሽ ለጎረቤት ነገርሽ።

አሁን ደግሞ በእትዬ ዘይነባ ቀናሁ። የእኔ መሆን የነበረበትን ቃል በአጥር በኩል ወሰዱብኝ። ማንጎውን ሁለት ቀን ሳልነካው አቆየሁት። ከዚያ በላሁት፤ ይጣፍጣል።

ጣርማ በር ግማሽ ቀን አያስኬድም። እናትሽን ልታዪ ስትነሺ፣ ባለፈው ወር ሄደሽ የለም ወይ የምል ግን እኔ ነበርኩ። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያስታወስኩት።

ዛሬ ማለዳ ወደ ምሥራቅ ቆምኩ። ከዚያ ወደ አጣዬ መንገድ ዞርኩና ጥቂት ወደ ግራ አስተካከልኩት፤ አንቺ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታበዢ ነበር። ለከተማዋና ለእናቶቿ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ከልቤ ነው አልልሽም፤ ገና እቀናባታለሁ። ግን እኔ ከተውኩት ከሸዋ ሮቢት የሚያስባት የለም፤ አንቺ የጀመርሽው በእኔ እጅ አይቋረጥም።

ቅደም ተከተሉን ግን ቀይሬዋለሁ። በየማለዳው መጀመሪያ የክርስትና ስምሽን እጠራለሁ፤ እናትሽን አስከትላለሁ። እስክንድርያ ተራዋን ትጠብቅ።