መስኮት ቁጥር ሁለት

ጥር 2

የሐኪሙን ወረቀት ለአለቃዬ ሰጠሁ።

ጥር 3

አንብበውታል። ሁለት ገጽ ነው። ኦቲዝም ይላል፤ በአርባ አራት ዓመቴ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የኋላ መደርደሪያ እንዳልነሳ።

«አንቺ? አትመስዪም እኮ» አሉኝ።

ምን መምሰል ነበረብኝ?

«የጎረቤታችን ልጅ አለበት። አይናገርም። አንቺ ይኸው ታወሪያለሽ።» ቀጥለው ደግሞ... «እኔም ብትይ እስክሪብቶዬ ከተዛነፈ ሥራ አይሄድልኝም። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለብን፣ የኔ እህት።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ሲነካኝ እንደሚያስጨንቀኝ ገጽ ሁለት ላይ ተጽፏል።

ጥር 9

አለቃዬ ከሌላ ሆስፒታል እንግዶች ይዘው መጡ። «ቁጥር ጥሩላት» አሉ። አንዱ ጠራ፤ ካርዱን አወጣሁ። ሌላው ጠራ፤ አወጣሁ። አጨበጨቡ።

«ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ተሰጥኦ ነው።»

ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም። ካርዱን የምደረድረው በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ነው። በአሥራ ሦስት የሚያልቀው ሁሉ አሥራ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ። ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። ልነግራቸው ስል «ትሕትናዋ ደግሞ» አሉ።

ጥር 10

እህቴ ደወለች። ነገርኳት።

«እኔም እኮ ሰርግ ላይ ሙዚቃው አጠገብ ካስቀመጡኝ ራሴን ያመኛል። ይሄም በሽታ ከሆነ ሁላችንም አልጋ እንያዝ» ብላ ሳቀች።

አብሬ ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? ሰርግ እኮ ያልቃል።

ጥር 16

ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሰኞ ጀምሮ መስኮት ቁጥር ሁለት፣ ሰልፈኛው ፊት።

ቢሯቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ የጠየቅኩት...»

«አይቼዋለሁ። ግን እንዲህ የምትፈጥን ሰው ከኋላ ትቀበር? ነውር ነው። ሕዝቡ ይጠቀምብሽ እንጂ።»

«ጩኸቱን አልችለውም።»

«ትለምጂዋለሽ። እኔም ድሮ ሰው ፊት መናገር እፈራ ነበር፤ አሁን ማን ያስቆመኛል?»

ይሄስ እውነት ነው።

መደርደሪያዬን ሳቂታው ተረከበ። ከጠዋት እስከ ማታ የሚስቅ ባልደረባችን ነው። አደራደሩን ላሳየው ብል «ቁጥር ቁጥር ነው፣ እቴ። አታካብጂ» አለኝ።

ጥር 21

መስታወቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ቡጢ ታክላለች። በእሷ ሦስት ሰው አንድ ላይ ያወራባታል። ከኋላዬ ማተሚያው ይንጫጫል። ከላይ መብራቱ ይርገበገባል። «የቱ መብራት?» አለኝ ሳቂታው።

አንዲት አሮጊት ቁጥራቸውን ነገሩኝ። ድምፁን ሰማሁ፣ ቁጥሩ አልገባኝም። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

«ትቀልጂብኛለሽ፣ ልጄ?»

ሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሰልፉ ጸጥ አለ... ጸጥታው ደስ ማለቱ አሳፈረኝ።

ጥር 22

«ፈገግ በይ» አሉኝ አለቃዬ። ፈገግ አልኩ። «እንደሱ ሳይሆን...»

ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ ተኛሁ። ራት አልበላሁም።

ጥር 24

ካርድ መጥፋት ጀመረ። ሳቂታው በመጀመሪያው አሃዝ ነው የሚደረድረው። ግማሹ እንደኔ፣ ግማሹ እንደሱ ሆኗል። ሲጨንቀው መስኮቱ ጋ እየሮጠ ይመጣል። «እስቲ በዚያ ጭንቅላትሽ ፈልጊልኝ።»

ካርዱ ለጠፋበት አዲስ ይወጣለታል። አዲሱ ላይ ምንም አልተጻፈም። ዛሬ ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ ባዶ ካርድ ሰጠሁ። የአሥር ዓመት ታሪኩ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። ለኔ ሳይሆን ለካርዱ ሲባል ወደ ኋላ ይመልሱኝ አልኩ።

«አየሽ፣ እናንተ ለውጥ አትወዱም። ወረቀቱም ይለዋል።»

ለካ ወረቀቱን በደንብ አንብበውታል።

ጥር 28

ሰልፈኛው «ድምጿ አይሰማም» ብሎ አመለከተ። አለቃዬ መላ አላጡም። የእጅ ድምፅ ማጉያ አመጡልኝ። ባትሪው ግን አልቋል።

«ብቅ በይና ገዝተሽ ነይ። ነፋስም ይነካሻል።»

ደግ ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር...

ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። ለባለሱቁ ያለቀውን ባትሪ አሳየሁት። «ስንት?» አለኝ፤ «አራት» አልኩት። ሰጠኝ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ያልደከመኝ ንግግር ይሄ ብቻ ነው።

ተመለስኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። የመስኮቱ ጩኸት እስከዚያ ይሰማል። እግሬን አነሳሁ። መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት።

ባትሪዎቹን ለዘበኛው ሰጠሁት። «ለአለቃ አድርስልኝ።»

«አንቺስ?»

አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ በር ገብቻለሁ።

«እኔ እየሄድኩ ነው።»

«ትመለሻለሽ አይደል?»

«አልመለስም።»

ባትሪዎቹን እጁ ላይ አገላበጣቸው። «ታዲያ በማጉያው ማን ሊናገርበት ነው?»

«እሱን እሳቸው ያስቡበት» አልኩትና መንገዱን ተሻገርኩ።