ቀዩ የጆሮ ምልክት

ውድ ሚጣዬ፣

ይህን ደብዳቤ የወተት መኪናው ሹፌር አክስትሽ ቤት ያደርስልሻል። ከዘገየም መንገድ ላይ ሰው እያጫወተ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ብቻ የሴቶች ሐኪሟ ዘንድ ሳትገቢ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ስለ ከብቶቹ አውርቼ ዘጋሁት።

ፈርቻለሁ ልጄ። ስሸኝሽ እንደዚያ የሳቅኩት የውሸቴን ነው።

ፍርሃቱ የጀመረኝ አንቺና ወንድምሽ የተወለዳችሁ ዕለት ነው። አዋላጇ «ወንድና ሴት» ስትል ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ እኔ ክው አልኩ። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከብት እርባታ ውስጥ ላም ሳዋልድ ነው። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የምትወለድ ጥጃ ነገር መቼም ላንቺ አይነገርም። እናታቸው ሆድ ውስጥ ደማቸው ይገናኝና የሴቷ ማህፀን ሳያድግ ይቀራል፤ አብዛኞቹ መካን ናቸው። ለዚህ ነው ገና በጨቅላነቷ ቀጭን መለኪያ ወደ ብልቷ አስገብቼ የማያት። ውስጧ አጭር ከሆነ ጆሮዋ ላይ ቀይ ምልክት አደርጋለሁ። ቀይ ያለባት ለወተት አትቀመጥም፣ ለቄራ ነው የምትሸጠው።

ያኔ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ስነግረው ሳቀብኝ። ሰው ላም አይደለም አለኝ፤ የሰው መንትዮች ደም እንደ ከብት አይቀላቀልም። ሰውዬው ማስተማር ስለሚወድ በዚያ አላበቃም። የአይጥ እንቁላሎች ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት ከተወለደች በኋላ ነው፣ ያም ሆኖ በሳምንታት ውስጥ ለእናትነት ትደርሳለች አለ። ጊደር ሰውነቷ ሲሞላ ኮርማ ትፈልጋለች። ሴት ልጅ ግን እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለድና፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጧ ትንሽ ነቃ ብሎ መልሶ ለዓመታት ዝም ይላል። ነገሩ ገባኝ፤ ያ ዝምታ ግን ጨረሰኝ። ጊደር ብትዘገይብኝ እጄን ሰድጄ አያታለሁ፣ ያንቺን በምን ልየው?

ወንድምሽ ድምፁ ጎርንኖ በሩን ጎንበስ ብሎ መግባት ጀመረ። አንቺ ያው ነሽ። ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ያስቀመጥኩልሽ ሞዴስ እንደታሸገ ነው፤ ልብስሽን ላስተካክል በሚል ሰበብ ስንቴ ከፍቼ እንዳየሁት አልነግርሽም። ቀጭን ስለሆነች ነው፣ ሩጫ ስለምታበዛ ነው፣ ጊደርም ካልሞላች ትዘገያለች እያልኩ ራሴን ስደልል ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ቡራቡሬዋ ላም ወንድና ሴት መንታ ወለደች። ሴቷን ስለካት ጡጦውን ይዘሽ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። አጭር ነው። ቀዩን ምልክት ጆሮዋ ላይ ሰካሁት። ያኔ ቀና ሳትዪ ጠየቅሽኝ።

«እማዬ፣ እኔስ ብሆን?»

«ምን ብትሆኚ?» አልኩሽ፣ እያወቅኩት።

«እንደ እሷ።»

እኔ ደግሞ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩልሽ። ስለ አይጥ፣ ስለ ጊደር፣ ስለ ደም። «እሱን አልጠየቅኩሽም» ብለሽ ጡጦውን ልታጥቢ ወጣሽ።

ማታ ራት ላይ ጉትቻው ትዝ አለኝ። አክስትሽ ገና ትንሽ ሳለሽ የላከችልሽ ቀዩ ጉትቻ። አንዱን ጆሮሽ ላይ ስናደርግልሽ እሪ ብለሽ አልጋ ሥር ገባሽ፤ በልመናም በቁጣም አልወጣም አልሽ። ልጅቷ ወርቅ ካልሆነ አታደርግም እያልን ስንት ዓመት ስቀንብሻል፣ ወንድምሽማ እስከዛሬ ያበሽቅሻል። ለካ አንቺ የፈራሽው ቀይ እንዳለባት ጥጃ የከብት ነጋዴው መጥቶ እንዳይወስድሽ ነው። እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለታችንም አንድ ነገር ስንፈራ ኖረን፣ እኔ ብቻዬን የምፈራ ይመስለኝ ነበር።

ትናንት የከብት ነጋዴው መጣ። ጥጃዋን ሊጭናት ሲል ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩትና ለእርባታው ባለቤት እኔ ልወስዳት ነው አልኩት። ባለቤቱ አፍጥጦ አየኝ።

«ይቺ እኮ አትወልድ፣ አትታለብ። ምን ልታደርግልሽ ነው?»

«ምንም» አልኩት።

ይቺ ሴትዮ ለቀቀች ብሎ ለወተት አላቢዎቹ ሁሉ አውርቷል። ያውራ። ጥጃዋ አሁን ግቢያችን ውስጥ የልብስ ማስጫው ሥር ናት። ገና ከመምጣቷ የወንድምሽን የኳስ ማሊያ አኝካበት፣ ከእኔም ከእሷም ጋር ተኳርፏል።

ሐኪሟ ምን እንደምትልሽ አላውቅም። ፍርሃቱም አልለቀቀኝም፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር እየሮጥኩ ነው የማነሳው። ምንም ትበልሽ ምን፣ በዚያው በወተት መኪናው ተመለሺ። አልጋሽን አንጥፌያለሁ።

ቀዩን ምልክት በመቀስ ቆርጬ ከጆሮዋ አውጥቼዋለሁ። ቀዳዳው ገና አልደረቀም። ቅባቱን ስትመጪ አብረን እንቀባታለን።

መልሱን ያዘገየችብሽ
እናትሽ