ጀሪካኑ ለምን ይጎድላል?

እህት ዓለም፣ ሰላምሽ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን፤ ፍየሎቹማ ከእኛም በላይ ደህና ናቸው።

አባባ ለሆዳቸው ትል የፓፓያ ዘር አድርቆ፣ ወቅጦና ዘፍዝፎ ጀሪካን ሙሉ መድኃኒት አዘጋጀ። እኔ በጠርሙስ ጋትኳቸው፤ ትሉ ወጣላቸው፣ ወፈሩ። ግራ የገባኝ ጀሪካኑ ነው። ፍየሎቹን መጋት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ጀሪካኑ ግን መጉደሉን አላቆመም። አባባን ብጠይቀው "ፍየሎቹን ጠይቃቸው!" ብሎ ተቆጣኝ። ትናንት ደግሞ ሱሪው እየወረደ ቢያስቸግረው ቀበቶው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ አስበሳኝ። "ሐኪም ቤት ብንሄድስ?" ስለው "ምን ሆንኩና!" አለኝ። እኔ እንጃ፣ ምኑም አልገባኝ አለ።

ጎረቤቱ ሁሉ ናፍቆሻል፤ በጤና ያገናኘን። ከምትሠሪበት መድኃኒት ቤት ግን ለሆድ የሚሆን ነገር ላኪልኝ። የሰው ይሁን፤ ላዩ ላይ ብቻ "ለፍየል" ብለሽ ጻፊበት።

ታናሽ ወንድምሽ