ስለ ትንቢት ጉሮሮና ስለ ደማችን

ለውድ እህቴ ለአፀደ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከርመሻል? የእግርሽ እብጠት ተሻለሽ? አሠሪሽስ እሑድ እሑድ ታሳርፍሻለች? እኛ እዚህ አሰላ ከዝናቡና ከብርዱ በቀር ደህና ነን፤ ልጅሽ ትንቢትም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንነጋገር እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

ልጅቷ ስትተኛ ማንኮራፋቷ ሲብስ፣ ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ ሲል ጊዜ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ አፏን በወጉ ሳያይ ቶንሲሏ ይውጣ አለና ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና የደረት ራጅ አዘዘ። ለጉሮሮ ሰገራ ምን ያደርጋል ስለው "የተለመደ ነው" አለኝ። በማግስቱ ደሟን እንደገና ሲቀዱ ጭራሽ ጠረጠርኩ። ወይ ሊበሉን ነው፣ ወይ ክፉ በሽታ አግኝተው ደብቀውኛል አልኩ። በመጨረሻ ሁሉም ደህና ነው ሲሉኝ እሱንም አላመንኩም፤ ውጤቱን ይዤ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ።

እዚያ ያገኘናት የጉሮሮ ሐኪም ደግሞ ምንም ምርመራ አላዘዘችም። ይቺስ ሳትመረምር ልትቀድዳት ነው እንዴ ብዬ ሰጋሁ። እሷ ግን የትንቢት ጥርስ ሲወልቅ ደሙ ቶሎ ይቆማል ወይ፣ ነስርስ አላት ወይ እያለች ጠየቀችን። እማዬ ፈጠን ብላ "ምንም የለባትም" አለች። ሐኪሟ ጉሮሮዋን በባትሪ አየችና "እንጥሏን ማን ቆረጠው?" አለች። እኔ ተቆጣሁ፤ የኛ ልጅ እንዲህ አልተደረገችም አልኩ። ያን ጊዜ ትንቢት ራሷ "ከእማማ ጋር ዴራ የሄድን ጊዜ ነው። ደሙ አልቆም ብሎ እምቢ አለ። እማማ ለጋሼ እንዳትነግሪ ብላኛለች" አለች ወደኔ እያየች። አፀዱ፣ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ በክፉ ዓይን ሳይ ከርሜ የተደበቀው ነገር እቤታችን ኖሯል! እማዬ "እንጥሏ ወርዶ ልትታነቅብኝ ነው ብዬ እኮ ነው" ብላ አለቀሰች።

ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ቀዶ ጥገናውን አቆይታ ለልዩ የደም ምርመራ አዲስ አበባ ላከችን። ደሟ ቶሎ የማይረጋ ሆኖ ተገኘ። ክሊኒኩ ይህን ለምን አላየውም ስላት፣ የተለመደው ምርመራ ሊስተው እንደሚችል፣ ለዚህም አስቀድማ እንደምትጠይቅ አስረዳችኝ። ደም የሚያረጋ መድኃኒት ቀድመው ሰጥተው ቶንሲሏን እዚያው አዲስ አበባ አወጡላት። እስክትወጣ ድረስ በር ላይ ቆሜ የነርሶቹን ፊት ስመረምር ዋልኩ። አሁን እፎይ ብላ ትተኛለች። እኔ ግን ዝም ስትል ተጠራጥሬ አፍንጫዋ ስር እጄን እልካለሁ፤ ትስቅብኛለች።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ይህ ነገር በዘር የሚወረስ ነው ተብለናል። ትንቢትን ስትወልጂም ደሙ አልቆም ብሎሽ እንደነበር እማዬ ዘንድሮ ነገረችኝ፤ አንቺ "ቀላል ነበር" ነበር ያልሽኝ። ባለፈው በቴሌግራም በላክሽው ድምፅ መንጋጋ ጥርስሽን ልታስነቅዪ መሆኑን ሰምቻለሁ። እባክሽ፣ ለጥርስ ሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትቀመጪለት! አሠሪዬ ትቆጣለች ብለሽ እንደምትደብቂ አውቅሻለሁ፤ አላምንሽም። ስለዚህ ወደ ቤሩት የምትመለሰውን የጎረቤታችንን ልጅ ሄለንን አብራሽ እንድትገባ ለምኛታለሁ፤ እሷም እሺ ብላኛለች።

እማዬ በጣም ናፍቃሻለች፤ ስትደውዪ የዴራውን ነገር አታንሺባት። ባለቤቴ ፀዲ ሰላም ብላሻለች። ጎረቤቶቻችን እነ ሰኪናም ከነቤተሰባቸው እንዴት ነሽ ይሉሻል። ትንቢት ጉንጭሽን ስማ፣ እናቴ ጥርሷን ከማስነቀሏ በፊት ትደውልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ ወንደሰን
አሰላ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.