ለዳኛው ያላሳየሁት ወረቀት

ውድ ኦልዌን፣

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ፊደሎቼ እንደ አህያሽ ናቸው፣ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። ብትስቂብኝ አልቀየምሽም።

ከሞትሽ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላሽ። ያን ቀን እኔ ታምሜ ተኝቼ ዋልኩ፤ አንቺ ብቻሽን አህያሽን ነድተሽ ባሕሩ የሸሸበት አሸዋ ላይ ዛጎል ለቀማ ወረድሽ። አመሻሹ ላይ አህያዋ እስከ ሆዷ ርሳ ብቻዋን መጣች። ሮጬ ቤትሽ ገባሁ፤ ልጅሽ ገና አልተመለሰችም ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ በጨው ዕቃው ሥር፣ አንቺ የጻፍሽበት ወረቀት ነበር። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ግን ባልሽን ከቀበርሽ ወዲህ ቤተ ጸሎት ውስጥ መዘመር መተውሽን አውቅ ነበር። ወደ ባሕር ወርዳ የቀረች ሴት ከስንብት በቀር ምን ትጽፋለች ብዬ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። በማግስቱ ሬሳሽ ተገኘ።

የሞት መርማሪው ዳኛ ከከተማ መጥቶ በመጠጥ ቤቱ የኋላ ክፍል ተቀመጠ። ዐሥራ ሁለቱ የሸንጎ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ሬሳሽን አይተው ገቡ። አለቃቸው ሥጋ ሻጩ አይቮር ነበር።

«ክቡር ዳኛ» አለ፣ «ሠላሳ ዓመት አሸዋው ላይ የኖረች ሴት ባሕሩ የሚመለስበትን ሰዓት ትስታለች? እኔ በግና ፍየል አምታታሁ እንደማለት ነው።»

«አንተማ ስታምታታ ነው የኖርከው» አልኩት ከኋላ። «የምንበላው እኛ እናውቃለን።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። መጽሐፍ ቅዱስ አስያዘኝና በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ፖሊሱ ወደ ዌልስኛችን መለሰው።

«ሟቿ የተወችው ጽሑፍ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ሰምጣ ሞታለች፤ ወደ ውኃው እንዴት እንደገባች አልታወቀም» ብለው ወሰኑ። ራሷን ገደለች ከመባል አዳንኩሽ ብዬ እፎይ አልኩ። አገሩ ግን «አልታወቀም» የሚለውን ቃል ወስዶ የፈለገውን ሞላበት። ልጅሽ ነስታ ባለፈች ቁጥር እነዚያ መንፈሳውያን ነን ባይ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዐሥራ ስድስት ሲሞላት ከተማ ሄዳ ልብስ ስፌት ገባች፤ አልተመለሰችም።

ወረቀቱን ማን ያንብብልኝ? የአይቮር ሚስት? ምላሷ ከባሕሩ ይፈጥናል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት፣ በስድሳ ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። በመጋቢት እንዲህ የሚለውን አነበብኩ፦

«ነስታ፣ ሾርባው ምድጃው ላይ አለልሽ። የሰዓቱ ወረቀት ባሕሩ ዛሬ ዘግይቶ ይመለሳል ይላል፤ ማርጌድ ስለታመመች የእሷንም ድርሻ ልለቅምላት ነው። አትጠብቂኝ፣ ብዪ።»

ባሕሩ በየቀኑ የሚመለስበት ሰዓት ከታተመበት ወረቀት ላይ፣ በዚያን ቀን መስመር ፈንታ የማግስቱን አንብበሽ መሆን አለበት። እኔ መሃይሟ ውኃውን አይቼ አውቅ ነበር፤ አንቺ የተማርሽው የታተመ ወረቀት አመንሽ። ሞኝ። የኔ ሞኝ።

ከተማ ሄጄ ወረቀቱን ለነስታ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ደግማ አነበበችው።

«ምን እንደሚል ሳታውቂ ደበቅሽው?»

«ማንበብ አልችልም ነበር፣ ልጄ። ክፉ ነገር መስሎኝ፣ አንቺን ላድን ብዬ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች። «እኔ ማንበብ እችል ነበር።»

 

ሰኞ ዳኛው ዘንድ ሄጄ በሐሰት መማሌን እነግረዋለሁ። ውሳኔው ይለወጥ አይለወጥ እንጃ። ቢያስሩኝም ይገባኛል። ነስታ አብሬሽ እመጣለሁ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ላቅፋት ስል በእጇ አቆመችኝ።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለች። «የእናቴ ስም በንጹሕ ሲጠራ ልሰማ ነው።»

አነጋገሯ ቁርጥ አንቺን ነው፣ ኦልዌን። መንገዱን ሁሉ ስቆዝም መጣሁ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ስላለሽ ግን ደስ ብሎኛል።

ይቅርታሽን በደብዳቤ አልለምንም። ስንገናኝ ፊት ለፊት ስደቢኝ።

ማርጌድሽ