ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ያለበት

ለባሌ ሚስት፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ፣ ጉልበትሽስ፣ ያ ሁለት ቤት ተሻግሮ የሚሰማው ሳቅሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ቅር እንዳይልሽ እንጂ በጣም ደህና ነኝ።

የሚቀጥለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ከባድ ነው። የጓሮዬ ኮክ ከትናንት በስቲያ ረፋዱ ላይ፣ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ሁሉም በአንድ ቀን በስሎ መሬት ወርዷል። ሁለት ባልዲ ሙሉ ኮክ ሲፈነዳ በአንዲት ዶሮ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሷል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በቦታው ተገኝታ አጽናንታኛለች። ስታጽናናኝም አሥራ ሁለት በልታለች።

ደብዳቤሽን ያመጣችልኝም እሷው ናት። "ከዚያችኛዋ ነው" ብላ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ሰጠችኝና፣ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች። ዓይኗን ስላመማት እኔው እንዳነብላት ጠየቀችኝ። መርፌ በአንድ ጊዜ የምታሾልክ ሴት! ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛው ከታዳሚው በቀረበ ጥያቄ መሠረት ነው።

"እትዬ" ብለሽ ነው የምትጀምሪው። አምና በር ላይ ስንገናኝ "አንቺ ሴትዮ" ነበርኩ። ማርማላታ እንዲህ ሹመት የሚያሰጥ መሆኑን ባውቅ ኖሮ በወጣትነቴ እጀምረው ነበር።

ከዚያ የማርማላታዬን አሠራር ጠይቀሽ ጭንቀትሽን ዘርዝረሻል። ባላችን ከኔ ቤት ይዞት የወጣው ሦስት ጠርሙስ ማርማላታ ካለቀ ወዲህ አራት ጊዜ ሠርተሽለታል። አራቱንም ጊዜ ጠርሙሱን ሙልጭ አድርጎ በልቶ፣ ማንኪያውን ልሶ፣ "እንደሷ አይደለም" ብሎሻል። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተሽለታል። እንስራ ሙሉ ውሃ ቢጠጣ አይረካም። ሌሊት አራት ጊዜ ይነሣል። ጋዜጣውን አንዴ ያርቃል፣ አንዴ ያቀርባል፤ እግሬን ደነዘዘኝ ይላል። ጎረቤቶችሽም ተሰብስበው መከሩና ናፍቆት ነው አሉሽ። "እውነት አንቺን ናፍቆ ይሆን እትዬ? ከሆነ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ" ብለሽ ጻፍሽ። እዚህ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተጨማልቋል። እንባ ነው ብዬ አልጠረጥርሽም፤ ሻይ ይሆናል።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋን አቋርጣ "ይሄ እኮ..." ልትል ስትል በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። ደግሞ ኮክ ሰጠኋት።

እንግዲህ እንደ ባለሙያ ልመስክር። ሃያ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ። አዎ፣ ናፍቆት ነው። ሥጋ የሚበላ፣ ጉሮሮ የሚያደርቅ፣ ዓይን የሚያደበዝዝ ናፍቆት። መድኃኒቱም የኔ ማርማላታ ነው። ስለዚህ እርሳስሽን ቅረጪ።

ኮኩን የፈላ ውሃ ውስጥ ሠላሳ እስክትቆጥሪ ነክረሽ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣዪው። ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጥበቡ አሙቆ በድንገት ማቀዝቀዝ ነው፤ ሰው ላይ ስለሞከርሽው ታውቂዋለሽ። ፍሬውን አውጥተሽ ሥጋውን ክተፊው። ድስቱ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ነገር ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ያሳርራል። አንቺን ማለቴ አይደለም።

ለአንድ ኪሎ ኮክ ሁለት ኪሎ ስኳር ጨምሪ። አዎ፣ ሁለት። እጅሽ አይንቀጥቀጥ፤ መቼ ተንቀጥቅጦ ያውቃል? መሥሪያ ቤቱ ሻይ ክበብ ውስጥ ስትሠሪ፣ ሳትጠይቂው ሦስት ማንኪያ ትጨምሪለት እንደነበር ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ "ዛሬ ሰው የሆነ ሰው አገኘሁ" ያለኝ ያን ሰሞን ነው። እኔ ቤት የስኳር ዕቃው ቁልፍ ነበረው። "ከሚስት ጋር መሰለሽ የምኖረው? ከጉምሩክ ጋር ነው!" ይለኝ ነበር። ለምን እንደምቆልፍ ነግሮሽ ከሆነ አላውቅም። ቆንቋና ናት ብሎሽ ይሆናል።

ሎሚ ጭመቂበት። እሳቱን ዝግ አድርጊ፤ አረፋውን ግፈፊ፤ በእንጨት ማማሰያ አማስዪ። ከዚያ ብርድ የያዘ ሳህን ላይ ጠብ አድርጊና በጣትሽ ግፊው። ከተሸበሸበ ደርሷል። ሲነኩት የሚሸበሸብ ነገር ሁሉ የደረሰ ነው፤ እኔን ጠይቂኝ። ኧረ እሱንም ጠይቂው። ዕድሜውን ስንት አለሽ? አርባ ስድስት ካለሽ ስምንት ጨምሪበት። ለመጨመር አንቺን ማን ብሎሽ!

ዋናው ምስጢር ግን ድስቱ ውስጥ አይደለም። እኔ ቤት ማርማላታው ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ከታሰረበት ጠርሙስ በቀር። እሱን ከዱቄቱ ዕቃ ጀርባ እደብቀዋለሁ። ክሩን የምትሰጠኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። "ይሄ ለክብር እንግዳ ነው፣ ስኳሩ እጥፍ ነው፣ እንዳትነካብኝ" እለዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰረቀው። ክዳኑ ቷ ሲል ከሌላው ክፍል እሰማለሁ። ማድ ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ሁለቴ እስላለሁ፤ አፉን የሚጠርግበት ጊዜ እንዲያገኝ። ገብቼ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው፣ ኮክ ጢሙ ላይ ተለጥፎ፣ "አይጥ አየሁ" ይለኛል። በኛ ቤት በዓመት አርባ አይጥ ይታይ ነበር። አንድም ተይዞ አያውቅም።

አየሽ፣ የሰረቁት ነገር ይጣፍጣል። ይህን ላንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አታቅርቢለት፤ ደብቂው። እጄ ነው ወይ ያልጣፈጠው እያልሽ የምታለቅሺው በከንቱ ነው። አንቺም እኮ ዱቄት ጀርባ ሳለሽ ትጣፍጪ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ስትቀርቢ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ጥሎኝ የወጣ ዕለት ምላጩን፣ ሬዲዮኑንና ሦስት ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ ይዞ ነው የሄደ። ጠርሙሶቹን ከዱቄቱ ጀርባ አውጥቶ በኮቱ ሲጠቀልል በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ያን ዕለትም ሳልኩለት።

የኔን ነገር የጠየቅሽ እንደሆነ፣ አልናፈቀኝም። አልጋው ሰፍቶልኛል። ከዱቄቱ ጀርባ ያስቀመጥኩት ካስቀመጥኩበት ይገኛል። አይጥም ጠፍቷል። አንዳንዴ ማድ ቤት ልገባ ስል እስላለሁ፤ ግን ይህ የጉንፋን ጉዳይ ነው።

በይ እንግዲህ፣ እጅሽን ያጣፍጠው። ድስትሽን ከማረር፣ ባልሽን ከቀጣይዋ ሻይ ቀጂ ይሰውርልሽ። የተመኘሁልሽን ሁሉ ይስጥሽ፤ ምን እንደተመኘሁልሽ እግዜር ያውቃል።

የባልሽ ሚስት

ማረሚያ

ይህ ማረሚያ ከደብዳቤው በፊት እንዲነበብ በጥብቅ ታዝዟል። ሊጻፍ የቻለው ልብስ ሰፊዋ ፖስታውን ከእጄ ነጥቃ "ዛሬስ ሰይጣንም ወንበሩን ለቆልሽ ቆሟል፤ በክሬ ሰው አትገድይበትም" ስላለችኝ ነው። ደብዳቤው ተቀድዶ እንደ አዲስ ያልተጻፈው ግን ጥሩ ስለወጣልኝ ነው።

"ለአንድ ኪሎ ኮክ ሁለት ኪሎ ስኳር" የሚለው "ምንም" ተብሎ ይታረም። ኮኩ ከሎሚው ጋር ብቻውን፣ በዝግታ እሳት፣ ራሱ ደክሞት እስኪወፍር ድረስ ይቀቀላል። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ክንድ ያዝላል። ለሱ በቀን አንድ ማንኪያ ይፈቀዳል። አንዱን ማንኪያ እንደ ሰረቀ እንዲያስብ ይደረግ።

ቀይ ክር ያለበት ጠርሙስ "ለክብር እንግዳ ነው፣ ስኳሩ እጥፍ ነው" የተባለው "ለሱ ብቻ ነው፣ አንዲት ፍንካች ስኳር ነክቶት አያውቅም" ተብሎ ይነበብ። ይህን ለሱ መንገር ክልክል ነው። ከነገርሽው እንደገና "እንደሷ አይደለም" ይልሻል፤ ያኔ ልክ ይሆናል።

"አዎ፣ ናፍቆት ነው" የሚለው "ስኳር ነው" ተብሎ ይታረም። ስኳር አለበት፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያልነገረሽ ሽማግሌ እንዳትይው ነው። አንቺን ያገኘው በፍቅር ይሁን በሦስት ማንኪያ ገና ስላልተጣራ በዚህ ማረሚያ ውስጥ አልተካተተም። የክሊኒክ ካርዱና የክኒኑ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዘዋል፤ ሲወጣ ረስቷቸው ሳይሆን ትቷቸው ነው የሄደ። ስለዚህ ነገ ሳይሆን አሁን፣ ሻዩን ከእጁ ተቀብለሽ፣ ጫማውን አስረሽ ክሊኒክ ውሰጂው። እምቢ ካለ እኔ ጋ እንደምትመልሺው ንገሪው፤ ሮጦ ይገባል።

ከላይ ከቦታው የተነሣው "ናፍቆት" የሚለው ቃል ለላኪዋ ይመለስ።