ለማርያም ደጅ ብረቶች ባለቤት

ለክቡር አቶ ገብረጻድቅ
የእግር መንገዶችና የመሻገሪያዎች ሥራ ክፍል ሹም
አቃቂ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለዳሌዎ አጥንት ደኅንነት ያለኝን የልብ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጤናዎ በጥቅሉ ጠይቆ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ባለቤቴ ወይዘሮ ብዙወርቅ ዳሌዋ ተሰብሮ በተኛችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስለምጽፍ፣ የዳሌን ነገር ለይቼ ማንሣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንዲሆኑ፣ እርስዎም ከመኪናዎ ያለ ሰው ድጋፍ እንዲወርዱ እግዚአብሔር ይርዳዎ።

ስሜ ተሰማ በዛብህ ይባላል። በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ሰው ሲጋፋ ማየት የለመድኩ፣ የራሴን ቁጣ ግን እስከ ዛሬ መልመድ ያቃተኝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ቀደም ብዬ የላክሁት ማመልከቻ ያገኘውን መልስ ሳስታውስ፣ የእርስዎን ደግነት ብቻዬን ማጣጣም ስስት መስሎ ታየኝና በጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሕዝቡ እንዲካፈለው ቆርጫለሁ።

ከሰፈራችን ወደ ፈትል ፋብሪካው የሚወስደው የእግር መንገድ፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በአንድ ወገን የባቡር ሐዲዱ፣ በሌላ ወገን የማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር የያዘው ጠባብ መንገድ ነው። ገበያተኛውም፣ አስቀዳሹም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም በዚያው ያልፋል። ሌላ መንገድ የለንም። ለዚህ ለአንዱ መንገዳችን ስላደረጉልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ/ የፋብሪካውን ብስክሌተኞች ከጭነት መኪና ስላዳኑልን እናመሰግናለን። በአስፋልቱ ላይ ብስክሌተኛ እየተገጨ ቢያስቸግርዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር መንገዱ እንዲሄድ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ አደጋው ቀንሷል ብለው ለበላይ አካል ማስታወቅዎን ሰምተናል። እውነት ነው፤ ከአስፋልቱ ላይ ቀንሷል። እኛ ዘንድ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በደንብ እየኖረ ነው። ድሮ ብስክሌተኛው መኪና ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባልቴቷ ብስክሌት ትፈራለች፤ ፍርሃቱ እንዲህ ወደ ደካማው ሲወርድ መኪና ያላቸው ሰዎች በሰላም እየተጓዙ ስለሆነ ደስ ብሎናል።

፪ኛ/ በዚህም ቢሆን እኛና ብስክሌተኞቹ ተስማምተን እንኖር ነበር። ብስክሌተኛው ማርያም ደጅ ሲደርስ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ይሳለማል፤ ብስክሌቱን እየገፋ ደጁን ካለፈ በኋላ ከአጥሩ ጥግ ካለው ዋርካ ማዶ ተመልሶ ይወጣበታል። ይህን ያዘዘው ሹም አልነበረም፤ እናቱ ያስተማረችው ነው። መንገዱ በጣም የሚጠበው፣ ሰውም የሚበዛው እዚያው ደጁ ፊት ስለሆነ፣ አንድም ሰው ሳይነካ ያ ሁሉ ሕዝብ ጠዋትና ማታ ይተላለፍ ነበር። ክቡርነትዎ ግን በፈረቃ መግቢያ ሰዓት ሠራተኛው እየወረደ መንገድ ይዘጋል ብለው፣ ብስክሌተኛ ከደጁ ፊት መውረድ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አቆሙ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አለመውረድን ማዘዝ ይቻላል፤ አለመሳለምን ግን ማን ይታዘዛል? ሠራተኛው እርስዎን ፈርቶ አልወረደም፤ ማርያምን አክብሮ ደግሞ ተሳለመ። በአንድ እጁ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ በሌላው መሪውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጉልላቱ አዙሮ እየነዳ ማለፍ ጀመረ። ለፍሬኑ እጅ፣ ለመንገዱ ዐይን አልተረፈውም።

እግረኛውም እንደ ልማዱ ደጁ ፊት ሲደርስ ድንገት ቆም ይልና ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ያለው የኋላውን አያይም፤ የሚነዳውም የፊቱን አያይም። ሁለቱም ወደ አንዲት እናት እያዩ እርስ በርስ ሳይተያዩ ይገናኛሉ። መጀመሪያ የጎረቤታችን የእትዬ ያለምወርቅ ክንድ ወለቀ። ቀጥሎ አንድ ደብተራ ከነጥምጣማቸው ቦይ ውስጥ ተገኙ። እኚያ ሰው ሲወጡ የተናገሩትን ግእዝ ለመተርጎም ሥልጣን ስለሌለኝ እተወዋለሁ።

፫ኛ/ አቤት ስንል ዝም ስላላሉን እናመሰግናለን። ብስክሌተኛውን ያዘገያል ተብሎ፣ ከአሮጌ ሐዲድ የተቆረጡ ሁለት ብረቶች በመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እንዲያሳልፉ ሆነው ግራና ቀኝ ተተከሉልን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። የተተከሉትም ሰው ሁሉ አንገቱን በሚደፋበት ቦታ፣ በቀጥታ ደጁ ፊት ነው። ጥቂት ወደ ጣቢያው ወይም ጥቂት ወደ ፋብሪካው ፈቀቅ ቢሉ ኖሮ ምናልባት ይጠቅሙ ነበር። ቦታውን የመረጠው ሰው የአገሩን ልማድ የማያውቅ ባዕድ ነው እንዳልል፣ ብረቱ ሲተከል ቆሞ ያሠራ የነበረው ሰው ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ማርያም ሲሳለም፣ ወደ ኋላም ሲል ብረቱ ወገቡን ሲነካው በዐይኔ አይቻለሁ። ያ ሰው እርስዎ ነበሩ። ወገብዎን አሸት አሸት አድርገው ሥራው ይቀጥል አሉ።

፬ኛ/ ባለቤቴ በቅዳሜ ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ በብረቶቹ መካከል ገብታ፣ ዞር ብላ ለመጨረሻ ጊዜ ተሳለመች። ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው፤ ከደጅ ወጥታ ሳትዞር ሄዳ አታውቅም። በዚያው ቅጽበት የፋብሪካው ሸማኔ ፈየራ ኦልጅራ ከሥራ ወጥቶ ባርኔጣውን አንሥቶ መጣ። ገጫት። ከብረቱ ጋር አላትሞ ጣላት። ልጁ ግን አልሸሸም። ብስክሌቱን እዚያው ጥሎ፣ ባለቤቴን በጀርባው አዝሎ፣ እማማ ይቅር በሉኝ እያለ እያለቀሰ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ወሰዳት። እሷም ሕመሙን ችላ፣ አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ አንተም እንዳትወድቅ ትለው ነበር። ፈየራ ብስክሌቱን ሊያነሣ ሲመለስ የእርስዎ ዘበኞች፣ ማስረጃ ሊያሸሽ ሲል አገኘነው ብለው ያዙት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

አምስተኛውን ጉዳይ ግን ምስጋና ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ባለቤቴ ፈየራን ይቅር ብያለሁ ብላ ስለላከችኝ፣ ይቅርታዋን ለመስጠት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡን የያዘው አሥር አለቃ፣ እውነቱን ለመናገር አፍሮ፣ አባባ እርስዎ እኮ ከሳሽ አይደሉም አለኝ። ታዲያ ከሳሹ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁት። ለካስ ልጁ የተያዘው በሚስቴ ዳሌ አይደለም። የተያዘው የመንግሥት ንብረት የሆነ ብረት ከቆመበት ዘንበል እንዲል በማድረጉ ነው፤ ከሳሹም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። የባለቤቴ ስም በክሱ ውስጥ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ብረቱን ያዘነበለውን ግጭት ለማስረዳት ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ብረት ሲከስ ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ብረቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ተመልሼ ሄድኩ። ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ አልመለሰልኝም።

ስለዚሁ ጉዳይ ማመልከቻ ባቀርብ የሰጡኝን መልስ ለሕዝቡ ጥቅም ስል ከዚህ አሰፍረዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በአንድ ሰው ኪስ ሊቀር አይገባም። እግረኛ ከብረቱ ከመድረሱ በፊት ወይም ካለፈ በኋላ ተሳልሞ እንዲሄድ፣ ብስክሌተኛም ከቤቱ ሳይወጣ ተሳልሞ እንዲወጣ ብለው ጽፈውልኛል። ለባለቤቴ ባነብላት ሣቀች፤ ሣቁ ዳሌዋን ቢያማት ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ፣ እኔም እሱም ስንሳለም ነው የተጋጨነው፣ ምን አድርግ ነው የሚሉት ልጁን፣ ማርያምን ጀርባህን ስጣት ነው? አለችኝ።

ክቡርነትዎ ራስዎ እንዴት እንደሚሳለሙ አቃቂ ሁሉ ያውቃል። በወዲያኛው በኩል በአስፋልቱ ሲያልፉ ሹፌርዎ መኪናውን መንገዱ መካከል ያቆማል፤ እርስዎም ወርደው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው፣ ረጋ ብለው ይጸልያሉ። ከኋላዎ የጭነት መኪና ይሰለፋል፤ ጥሩምባ የሚነፋ ግን የለም። መልካም ነው፤ ለማርያም መቆም ይገባል። እኔን ያናደደኝ በዚህች ከተማ ወርዶ ለመሳለም የተፈቀደለት መኪና ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። አዎን፣ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና መጻፍ ስለቻልኩ ያልተናደድኩ እንዳይመስልዎ።

የፈየራ እናት ወይዘሮ አስካለች በየቀኑ ወተት ይዛ ትመጣለች። ስለ ልጇ አንድ ቃል ሳታነሣ ከባለቤቴ እግር አጠገብ ትቀመጥና ጨርቁን ታስተካክልላታለች። ሐዲዱ ሲዘረጋ ያለፈው የልጁ አያት ባረሱት መሬት ላይ ነው፤ የዚያ መሬት ልጅ ዛሬ ለቁራጭ ሐዲድ ታስሯል። ፋብሪካው የልጇን የሥራ ቦታ ለሌላ ሰው ሊሰጥበት መሆኑን ሰምታለች፤ እኔም ሰምቻለሁ፤ አንዳችን ለሌላችን አልተናገርንም። ባለቤቴ ግን ከሁለታችንም ቀድማ ታውቅ ኖሯል፤ ትናንት እጄን ይዛ፣ ይህ ልጅ በእኔ ምክንያት እንጀራው ሳይቆረጥ አስፈታልኝ አለችኝ። በኑሯችን ሁሉ ከእኔ የለመነችው ነገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ፈየራን ይፍቱልን። ሰሌዳውን አንሥተው ብስክሌተኛው እንደ ድሮው እንዲወርድ ይፍቀዱለት። ብረቶቹንም ይንቀሉልን፤ ከወደዷቸው ወደ ግቢዎ ወስደው በር ላይ ይትከሏቸው፤ እንግዳ ሲመጣብዎ ያዘገዩልዎታል።

ከብረት በታች፣ ከአፈር በላይ ያለሁ፣ ለመሳለም ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጀርባዬን እየጠበቅሁ እርስዎን በጸሎቴ የማስታውስ፣ ለደግነትዎ ወሰን ያጣሁለት ትሑት አገልጋይዎ

ተሰማ በዛብህ
የቀድሞ ትኬት ቆራጭ
አቃቂ፣ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
በማርያም ደጅ አንገቱን ለሚደፋ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦

ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሼ ለመለጠፊያ ሙጫ ሳዘጋጅ ባለቤቴ ዐረፈች። ከላይ፣ በተኛችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ያልሁትን አልሰረዝኩትም፤ አሁንም እዚያው ነኝ።

ቀብሯ ነገ በማርያም ነው። አስከሬን የሚሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ በብረቶችዎ መካከል አያልፉም፤ ክቡርነትዎ ስለ ብስክሌት ሲያስቡ ሬሳን ዘንግተዋል። ብዙወርቅ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ፈየራ እንዲሆን ተናዝዛለች። ቀድሞም ተሸክሞኛል፣ ቀስ ብሎ መሄድ ያውቃል ነው ያለችው። እንግዲህ ብረቱ ይቅር ብሎት እንደሆነ እስከ ነገ ይላኩልን።

ብረቱ ይቅር ካላለ ግን የፈየራን ቦታ እኔ እይዛለሁ፤ ብረቶቹም ካልተነቀሉ በሐዲዱ ላይ አድርገን እንወስዳታለን። ለእኛ አይስጉ። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ያፏጫል፤ ሬሳ መሆኑን ያየ እንደሆነም ይቆማል። በሥራ ዘመኔ ሲቆም አይቻለሁ፤ ብረት ሆኖ ሳለ።